የቀጥቃጩ ልጅ

ባሕር ዳር ያለው የጀልባ ጣቢያ በጣሊያን ጊዜ ከጥቁር ድንጋይ የተሠራ፣ ሰፊ በረንዳ ያለው ቤት ነው። ቆርቆሮው ዝጓል፤ ግድግዳው ላይ የአብዮቱ መፈክር በቀይ ቀለም ተጽፎበታል። እንደዚያም ሆኖ በ1976 ዓ.ም. ጣቢያው እንደ ድሮው መንገደኛ ይቀበላል፣ መንገደኛ ይሸኛል። የደቅ ገበሬዎች ዶሮና ሎሚ፣ የጎርጎራ ነጋዴዎች ጨውና ሳሙና፣ ካህናቱ ጃንጥላና መቋሚያቸውን ይዘው ሁሉም በአንዲት ጠባብ መስኮት ፊት ያልፋሉ። ከመስኮቷ ወዲያ ተቀምጣ ትኬት የምትቆርጠው እሌኒ ወልደ ሐዋርያት ናት።

እሌኒ የደቅ ልጅ ናት። አባቷ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት በደሴቲቱ የድጓ መምህር ናቸው፤ ከጎንደርም ከጎጃምም ተማሪ እየተሻገረ የሚመጣላቸው፣ በደብሩ ቃላቸው የሚሰማ ሰው። ልጃቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ጣቢያው ሲቀጥራት «ሂጂ፤ የማን ልጅ እንደሆንሽ ግን አትርሺ» ብለው ነበር የሸኟት። እሷም አልረሳችም። አንገቷን ቀና አድርጋ ትሄዳለች፤ ወንድ ቢያፈጥባት ዓይኗን አትሰብርም፤ ለቀልደኛ መንገደኛ መልስ አይጠፋትም።

ክንዱ ወደ መስኮቷ የመጣ ዕለት ግን መልስ ጠፋት።

ክንዱ «አደይ» የምትባለው ትልቋ ጀልባ መካኒክ ነው። ከድሬዳዋ ተቀጥሮ የመጣ፣ ረጅም፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠብብ ሰው። ያን ቀን እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከመንገደኛው ጋር ተሰልፎ፣ ተራው ሲደርስ «አንድ ትኬት» አላት።

«የጀልባዋ ሠራተኛ ትኬት አይቆርጥም» አለችው።

«አውቃለሁ። እዚህ መስኮት የምመጣበት ሌላ ምክንያት ካለ ንገሪኝና እሱን ልያዝ።»

ከኋላው የተሰለፉት ሳቁ። እሌኒም ሳቋን ልትውጠው ታገለች፤ አቃታት። ፊቷን ወደ ገንዘብ ሳጥኑ ስታዞር ጆሮዋ ድረስ ሲግላት ተሰማት።

ከዚያ ወዲያ «አደይ» ከጎርጎራ በተመለሰች ቁጥር የእሌኒ ዓይን ከመንገደኛው በፊት የሚፈልገው አንድ ሰው ሆነ። እሑድ ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ዳር፣ ከደንገሉ አጠገብ እየተራመዱ ያወራሉ። እሱ ስለ ድሬዳዋ ይነግራታል፤ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ስላደገበት ሰፈር፣ ባቡሩ ሲገባ ልጆቹ ሁሉ ሳህናቸውን ጥለው ስለሚሮጡት ሩጫ። እሷ ስለ ደቅ ትነግረዋለች። ሁለቱም ውኃው ላይ እያዩ፣ አንዱ ሌላውን በጎን እየሰረቀ፣ ፀሐይ ትጠልቅባቸዋለች።

ከነዚያ እሑዶች በአንዱ ነው ክንዱ የአባቱን ነገር ያነሳው።

«እሌኒ፣ አባቴ የደንበጫ ሰው ነው። አምባቸው ይባላል። ቀጥቃጭ ነው።»

እሌኒ ቆመች።

«ብረት ቀጥቃጭ» አለ ክንዱ፣ ቃሉን አንድም ሳይሸራርፍ። «አያቴም፣ ቅድመ አያቴም። በወጣትነቱ ከአገሩ የወጣው በዚሁ ነው። ማረሻ ሠርቶላቸው ሲያበቃ ገበሬዎቹ እጁን ሳይነኩ ማረሻውን ከመሬት ላይ ያነሱት ነበር። የጎረቤት ልጅ ሲታመም ‘ይኸው ሰው በላው’ የሚል ሰው ሲመጣበት ጥሎ ወጣ። ድሬዳዋ የባቡሩ ጋራዥ ቀጠረው። እዚያ የማን ዘር ነህ ያለው የለም። ይህን ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰሚው አልፈለግኩም።»

«ምን አለበት» አለች እሌኒ። ድምፅዋ ግን የእሷ አልመስል አላት። በቀበሌ ስብሰባ ሙያ መናቅ ቀርቷል ሲባል ስንት ጊዜ አጨብጭባለች። ካጨበጨቡት ውስጥ ግን ልጁን ለቀጥቃጭ የዳረ አንድ ሰው አታውቅም። ደቅ ላይ የሚባለው ደግሞ በጆሮዋ ጮኸ፦ የመሪጌታ ልጅ! ለቀጥቃጭ! ክንዱ እጇን ሲይዛት አልሳበችውም፤ አላጠበቀችውምም። እሱ ይህን ልብ ብሎት ይሆን እያለች ስትብሰለሰል አመሸች።

* * *

የ«አደይ» ካፒቴን ጋሼ አለበል ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ የእሌኒን አባት ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቃሉ። የሁለቱ ነገር ከማንም ቀድሞ የገባቸውም እሳቸው ናቸው። በጥቅምት መጨረሻ አንድ ጠዋት ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ አባትሽ ዘንድ ወሬው ደርሷል። ክፉ ሰው ሳያደርሰው እኔው ነገርኋቸው። አልተቆጡም። ‘የማን ልጅ ነው?’ ብቻ ነው ያሉኝ። ምን ልበላቸው?»

እሌኒ አፏን ስትከፍት እውነቱን ልትናገር ነበር። የወጣው ሌላ ሆነ።

«አባቱ የባቡር ጣቢያ ሹም ናቸው፤ ድሬዳዋ።»

«ሹም! እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ ጋሼ አለበል፤ ደስ ብሏቸው ባርኔጣቸውን ገፉት። «ልጁስ ቢሆን ጨዋነቱ ከፊቱ ይነበብ የለም?»

እሌኒ ትኬት መቁረጧን ቀጠለች። ወደ ደቅ ለሚሄደው የጎርጎራ፣ ወደ ጎርጎራ ለሚሄደው የደቅ ቆረጠችለት።

ከጎርጎራ መልስ ክንዱ መስኮቱ ጋ ሲመጣ ወረፋ አልያዘም፤ መንገደኛም አልነበረም። ፊቱ እንደ ደመና ጠቁሯል።

«ጋሼ አለበል አቀፉኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ደቅ ስንቆም ለመሪጌታ ነግረዋቸው ተደስተዋል፤ ካህናቱን ለስብሰባ ሲያመጡ በሚቀጥለው እሑድ መጥተው ሊያዩህ ነው አሉኝ። ከዚያ ‘የሹም ልጅ መሆንህን ለምን ደበቅኸኝ?’ ብለው ትከሻዬን መቱኝ። እሌኒ፣ እኔ የማን ሹም ልጅ ነኝ?»

«ክንዱ፣ ስማኝ...»

«አባቴን ቀየርሽው።»

«ለእኛ ብዬ ነው! እሺ እንዲሉን ብዬ። ከተጋባን በኋላ ቀስ ብለን እንነግራቸው ነበር። አባዬን አታውቃቸውም፤ ደቅን አታውቃትም!»

«እኔማ በደንብ አውቃታለሁ። አባቴ የሸሸው እሷን የመሰለች አገር ነው።» ድምፁን አላነሳም፤ ቢጮህባት በተሻላት። «አባቴ ስሙን ሳይቀይር፣ ሙያውን ሳይክድ እኔን አሳደገኝ። እኔ ሚስት ለማግባት ብዬ ልካደው? አባትሽ እምቢ ቢሉ ለምኜ፣ ደጅ ጠንቼ እሺ አሰኛቸው ነበር። የከበደኝ እሱ አይደለም። አንቺ ማፈርሽ ነው።»

«አላፈርሁም» ልትል ፈለገች። ውሸት መሆኑን ግን ሁለቱም ያውቁታል። ክንዱ ከመስኮቱ ሲርቅ ጀርባውን አየችው። ልጠራው፣ ልጠራው ስትል ኩራቷ ከለከላት።

* * *

ከዚያ ቀን ወዲህ ክንዱ በበረንዳው በኩል ማለፍ ተወ። በጓሮ ዞሮ ወደ ጀልባዋ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ዓይን ለዓይን ቢገጣጠሙ እሱ ቀድሞ ዞረ። «ጠላኝ» አለች እሌኒ። ክንዱ ደግሞ ከሞተሩ ክፍል ሆኖ «አንድ ቃል እንኳ ልትለኝ አልመጣችም፤ በቃ፣ ሹሙን ነው የወደደችው» ይላል። ከባሕሩ ዳር እስከ መስኮቷ ድረስ ያለው መንገድ አጭር ነበር፤ ሁለቱም አልሄዱበትም።

ዓርብ ዕለት እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ መጡ። ከገዳም ወደ ገዳም የሚመላለሱ፣ ጣቢያውን እንደ ቤታቸው የሚያውቁት መነኩሲት ናቸው። የእሌኒን ዓይን አይተው ከመስኮቱ አልሄዱም።

«ያ ልጅ ጎርጎራ ወዳለው ጋራዥ ልዛወር ብሎ ፈቀዱለት አሉ» አሏት። «እሑድ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል።»

እሌኒ የያዘችው ትኬት ከእጇ ወደቀ። ለእማሆይ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የደበቀችው አልነበረም። መነኩሲቷ አልገሠጿትም። ራሳቸውን ነቅንቀው «ይህን ሁሉ ለእኔ ስትነግሪኝ ድምፅሽ አልተንቀጠቀጠም» አሉ። «እንግዲያው መስማት ለሚገባው ሰው ንገሪው።»

ቀኑን ሙሉ ይህ ንግግር ከጆሮዋ አልወጣም። የምትፈራው ምን እንደሆነ አሰበች። የአባቷን ቁጣ? የደቅን ሐሜት? ሁለቱንም ልትችላቸው እንደምትችል ስታውቅ ራሷም ገረማት። የማትችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያን ጀርባ ዳግመኛ ሲርቅ ማየት። ወደ ቤቷ ስትሄድ እንደ ድሮዋ አንገቷ ቀና ብሎ ነበር።

* * *

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጣቢያው በመንገደኛ ሞላ። «አደይ» ሞተሯን አስነስታ ወደቡ ላይ ታስራለች። መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት እዚያው ከተማ ሹም አቦ ሰፈር ካሉ ዘመዶቻቸው ቤት መጥተው፣ ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ በረንዳው ላይ በተዘጋጀላቸው ወንበር ተቀምጠዋል። ጋሼ አለበል አጠገባቸው ቆመው ፈገግ ይላሉ።

«በሉ እስኪ፣ የሹሙ ልጅ የታለ?» አሉ መሪጌታ።

እሌኒ የመስኮቷን መዝጊያ ሳበች። በሩን ከፍታ ወጣች። መንገደኛው መንገድ ለቀቀላት፤ አባቷ ፊት ቆማ ነጠላዋን አስተካከለች።

«አባዬ፣ ዋሽቻለሁ» አለች፣ በረንዳው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። «አባቱ ሹም አይደሉም። የደንበጫ ሰው ናቸው፤ ብረት ቀጥቃጭ። አያቱም ቀጥቃጭ ነበሩ። ክንዱ አልዋሸም፤ እሱ ከመጀመሪያውም ነግሮኛል። የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ አፍሬ። አሁን ግን የማፍረው በእሱ ሳይሆን በራሴ ነው። እወደዋለሁ። እምቢ ቢሉም እወደዋለሁ፤ ሌላ ሰው ቢያመጡልኝም አላገባም።»

አንዲት ሴትዮ «ኧረ በሥላሴ!» ብላ አማተበች። ጨው የጫነ ነጋዴ ከጓደኛው ጆሮ ላይ ተደፋ። የመሪጌታ ፊት አልተለወጠም፤ መቋሚያቸውን ብቻ ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«ታናናሽ እህቶችሽስ?» አሉ በመጨረሻ። «ነገ ማን ይጠይቃቸዋል? እኔስ ከማኅበሩ ፊት በምን ፊቴ እቆማለሁ?»

«አባዬ፣ ማኅሌት ሲቆሙ በእጅዎ የሚይዙትን ጸናጽል የሠራው ቀጥቃጭ ነው። እሱን ይዘው ሲያመሰግኑ ማንም ሸሽቶዎት አያውቅም።»

መሪጌታ ሲናገሩ ድምፃቸው ደክሞ ነበር።

«ይህን አጥቼው መሰለሽ? አውቀዋለሁ ልጄ። እያወቅሁ ነው ዝም ብዬ የኖርሁ።» ቀና ብለው አዩዋት። «የኔን ነገር ለጊዜው ተዪው። አንቺ ያፈርሽበትን ሰው እኔ እንዴት አድርጌ ልኩራበት? መጀመሪያ ይቅርታ የምትጠይቂው እኔን አይደለም። ሂጂ።»

እሌኒ ዞረች። ክንዱ ከበረንዳው ደረጃ በታች፣ ሻንጣው እግሩ ሥር ሆኖ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አታውቅም፤ ዓይኑን ስታይ ግን ሁሉንም እንደሰማ ገባት። ደረጃውን ወረደች።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«አፍሬብህ ነበር፤ አልክደውም። ስለ አባትህ ስትነግረኝ እጅህን ይዤ እንኳ ልቤ ሸሽቶ ነበር። ይቅር በለኝ። ይቅር ባትለኝም ግን ሻንጣህን ይዘህ የምትሄደው የጠላሁህ መስሎህ እንዳይሆን። ምንም ብትል እዚሁ መስኮት ላይ ነኝ፤ ‘አደይ’ በመጣች ቁጥር አይሃለሁ።»

ክንዱ የሞተር ዘይት የነካውን እጁን አየና ወደኋላ ሊደብቀው ሲል እሌኒ ቀደመችው። ያዘችው። በሁለት እጇ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ አጥብቃ። ነጩ የነጠላዋ ጫፍ ጠቆረ፤ እሷ አላየችውም።

«ስታጠብቂው የመጀመሪያሽ ነው» አለ ክንዱ፤ ዕንባው ፈሰሰ።

መሪጌታ ከወንበራቸው ተነሡ። ደረጃው አፋፍ ላይ ቆመው ቁልቁል ክንዱን አዩት፤ አያያቸው እንደ መምህር ነበር፤ የሚመዝንም፣ የሚያዝንም።

«አባትህ በሕይወት አሉ?»

«አሉ፣ አባቴ።»

«እኔ በአንድ ቀን የሚለወጥ ልብ የለኝም። ያላየሁትን ሰው ግን አልፈርድበትም። በሰው አፍ አይደለም፤ ራሳቸው ይምጡና ልጄን ይጠይቁኝ። ከጥምቀት በኋላ ቤቴ እጠብቃቸዋለሁ።»

ክንዱ ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣ። ሲነሣ ግን ፊቱ ላይ ፍርሃት ነበር። «አባቴ ጎጃምን ዳግመኛ አልረግጥም ብሎ ነው የወጣው» አላት ለእሌኒ በሹክሹክታ። እሌኒ እጁን አልለቀቀችም። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን ነገር አብረው እየፈሩ እንደሆነ ስታስብ ደስ አላት።

* * *

ክንዱ ዝውውሩን ትቶ ድሬዳዋ ደርሶ መጣ። አባቱ «እሺ»ም «እምቢ»ም አላሉትም። ጥምቀት አለፈ። ጥር እየገፋ፣ የሠርግ ወሬ በየመንደሩ እየበዛ ሄደ። የድሬዳዋው እንግዳ ግን አልመጡም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት መስኮቱ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆሙ። ካፖርታቸው ንጹሕ ነው፤ የመንገድ አቧራ ጫማቸው ላይ ብቻ አለ። ጠረጴዛው ላይ ያሳረፉት እጅ ሰፊና ጠባሳ የበዛበት ነው።

«ወደ ደቅ የሚሄድ ትኬት ፈልጌ ነበር፣ ልጄ።»

«ደቅ የማን እንግዳ ነዎት አባቴ?»

«የመሪጌታ ወልደ ሐዋርያት። ጠርተውኝ ነው የመጣሁ።»

እሌኒ ቀና አለች። ክንዱ የሚያወራው እንደ ድሬዳዋ ልጅ ነው፤ የእኚህ ሰው «ነው የመጣሁ» ግን እንደ አባቷ፣ እንደ አጎቶቿ፣ እንደ አገሯ ነው። ያን ሁሉ ዘመን በሰው አገር ኖረው ቋንቋቸውን አልጣሉትም። እንደ ክንዱ የሚጠብብ ዓይናቸውን አየች፤ ሮጣ ወጥታ ጉልበታቸውን ሳመች።

አቶ አምባቸው አነሷት። «አንቺ ነሽ? ለአባትሽ ምን ብለሽ ነው የነገርሻቸው፣ እኔን ማነው አልሽ?»

«ቀጥቃጭ ናቸው አልሁ።»

«በሰው ፊት?»

«በሰው ሁሉ ፊት።»

ሽማግሌው ለመሳቅ ሞከሩ፤ መሳቅ አቃታቸው። በረንዳው ላይ ተቀመጡ። «አውቶቡሱ ትናንት ደንበጫ ላይ ለምሳ ቆመ» አሉ ቆይተው። «ሰው ሁሉ ወረደ። እኔ አልወርድም ብዬ ነበር። ከዚያ ወረድሁ። መሬቱን ረገጥሁት። ያወቀኝ የለም፤ እኔ ግን ገበያውን ሳይቀር አወቅሁት። ልጄ ይህን ቃል ባያመጣልኝ ሳላየው እሞት ነበር።»

«አደይ» ያን ቀን ወደ ደቅ ስትሻገር ጣና ጸጥ ብሎ ነበር። እሌኒ ከሥራ ተፈቅዶላት ከአቶ አምባቸው ጎን ተቀመጠች። ጋሼ አለበልና እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ሽማግሌ ሆነው አብረው አሉ። ክንዱ ታች ከሞተሩ ጋር ነው፤ በየደቂቃው ብቅ እያለ አባቱን ያያል፣ እሷን ያያል፣ ይመለሳል።

ደሴቲቱ እየቀረበች ስትመጣ አቶ አምባቸው የካፖርታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፣ ፈቱ፣ ቆለፉ። እሌኒ የሚያስቡትን ታውቃለች። በር ላይ ቁመው ይጠብቁ የሚል ሰው ቢመጣ፣ ዕቃ ተለይቶ ቢቀርብላቸው፣ እጃቸው ተዘርግቶ ቢቀር።

ቀድማ የወጣችው ትንሿ ጀልባ የእንግዳውን ወሬ አድርሳለች፤ ከዳሩ ላይ ሰዎች ቆመዋል። የማሰሪያው ገመድ ሲወረወር እሌኒ ነጩን ጥምጥም አየች። አባቷ ቤታቸው ሆነው አልጠበቁም፤ ተማሪዎቻቸውን አስከትለው እስከ ውኃው ጠርዝ ወርደዋል። የመንደሩ ሰው ከኋላቸው ቆሞ ያያል፤ ከሐሜተኞቹ አንድም የቀረ የለም።

አቶ አምባቸው ድንጋዩን ሲረግጡ እግራቸው ተንገዳገደ። ከተማሪዎቹ አንዱ ሊደግፋቸው ሲል መሪጌታ ቀደሙት። ያን ሰፊ፣ ጠባሳ የበዛበትን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ጎንበስ ብለው ትከሻቸውን ሳሙ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ መንደሩ ሁሉ እንዲሰማ ማኅሌት በለመደ ድምፃቸው ተናገሩ።

«እንኳን ወደ አገርዎ በደኅና መጡ፣ አቶ አምባቸው።»

ሽማግሌው ግንባራቸውን በመሪጌታ ትከሻ ላይ ጥለው፣ ድምፅ ሳያወጡ፣ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ክንዱ ከጀልባዋ ጠርዝ ላይ ቆሞ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እሌኒ አላለቀሰችም። ሁለቱን አባቶቿን እያየች፣ የጣና ነፋስ ነጠላዋን ሲያውለበልበው ተወችው። ደረቷ ውስጥ ያለው ሁሉ ሰፍቶ፣ ደሴቲቱንም ሐይቁንም ይዞ፣ ገና ቦታ የተረፈው መሰላት።